«ወላጅ ስልክ ብቻ ያዘጋጅ»፦ ልጆቻችን ማንበብን ከማን ይማሩ?

የማራኪዋ እናት፦
የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ነው። ቅዳሜ ልጄ በሚማርበት መዋዕለ ሕፃናት የወላጆች ስብሰባ ነበር። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም። አንድ ሰው ተነሥቶ ከእንግዲህ ፊደልና ንባብ በአፕ እንደሚሆን ነገረን። የቤት ሥራውም በዚያው ነው። «ወላጅ ስልክ ብቻ ያዘጋጅ፣ ሌላውን አፑ ይጨርሰዋል» አለ። ቃሉ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ልጄ ገና አምስት ዓመቱ ነው። ስልክ ይዞ የሚውል ልጅ በየቤቱ አያለሁ፣ በስልክ ማንበብ የቻለ ልጅ ግን እስካሁን አላየሁም። እናንተ ልጆቻችሁን እንዴት ነው የምታስነብቡት? ከልቤ ነው የምጠይቀው።

የአዘዞው አባት፦
እህቴ፣ የሰውየው አነጋገር ልክ አይደለም። አፑ ግን ምን አጠፋ? የኔ ልጅ አራት ዓመት ተኩል ናት። ፊደል የለየችው በአማርኛ አፕ ነው። ስትነካው ድምፁን ይነግራታል፣ በጣቷ እያስኬደ ያጽፋታል። መቶ ጊዜ ብትጠይቀው አይሰለችም። እኔ ከሥራ ደክሜ ስገባ ሦስተኛው ላይ እሰለቻለሁ፣ አልዋሽም። ጎንደር ላይ አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር ለምን እንደምንደነግጥ አይገባኝም።

የቄስ ልጅ፦
ስለ ንባብ እየተነጋገርን ጎንደር ደነገጠች አትበል ወንድሜ። በኣታ ቤተ ክርስቲያን አቋቋም የሚባለውን የዝማሬ ትምህርት ሊያስመሰክር ከየአገሩ ተማሪ የሚመጣባት ከተማ ናት። እኔ ሀሁ የቆጠርኩት የኔታ እግር ሥር ነው። አንድ ነገር ልጠይቅህና ልጅህን አሁኑኑ ሞክራት። ፊደል ገበታው ላይ «ሞ»ን በጣትህ ያዝና ምንድን ነው በላት። ቀጥለህ «ዙ»ን፣ ቀጥለህ «ጤ»ን። ቅደም ተከተሉን በዜማ ይዛው ከሆነ ፊደሉን አታውቀውም፣ ከመጀመሪያው ተነሥታ እየቆጠረች ነው የምትደርስበት። አባቶች ይህን ስለሚያውቁ ነው ሀሁ ሲያልቅ አቡጊዳ የሚመጣው። አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። ተራው ይፈርሳል። በዜማ የሸመደደ ልጅ እዚያ ላይ ይያዛል። ከዚያ መልእክተ ዮሐንስ፣ እያለ እስከ ዳዊት ይሄዳል። ይህ ስንት ዘመን የተፈተነ መንገድ ነው።

የአዘዞው አባት፦
ሞከርኳት። «ሞ»ን ወዲያው አለች። «ዙ»ንም አለች። «ጤ» ላይ ግን ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ጠ፣ ጡ፣ ጢ፣ ጣ ብላ ነው የደረሰችበት። አመሰግናለሁ፣ ይህን አላውቅም ነበር። አፑ ውስጥ ግን ፊደል እያቀላቀለ የሚጠይቅ ጨዋታ አለ። እኔ አልከፈትኩላትም፣ ዘፈኑን ስለምትወደው እሱን ብቻ ነበር የምታየው። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?

የማራኪዋ እናት፦
ይኸው! እኔም የምለው ይህንኑ ነው። አንተ አጠገቧ ቁጭ ብለህ ስለጠየቅሃት ነው ያወቅኸው። «ስልክ ብቻ» ባለው ሰውዬ ብንሄድ ኖሮ ልጅቷ ፊደል ጨርሳለች ተብሎ ምልክት ይደረግላት ነበር። ያቺ «ብቻ» የምትለዋ ቃል ናት ያናደደችኝ።

የአንደኛ ክፍል መምህርት፦
እኔ በመንግሥት ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ነው የማስተምረው። ክፍሌ ውስጥ 68 ልጆች አሉ። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። እያንዳንዱን ልጅ ለአንድ ደቂቃ ላስነብብ ብል እንኳ ከሰዓት በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ድምፁን ሳልሰማው የሚሄድ ልጅ አለ። በፈረንጅ 2010 አገራችን ውስጥ በተደረገ የንባብ ፈተና ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ሲሶ የሚሆኑት አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም ነበር። የዓለም ባንክ ደግሞ 10 ዓመት ከሞላቸው ልጆቻችን 90 በመቶው ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም ብሎ ጽፏል። እነዚያ ልጆች እኔ ፊት የሚቀመጡት ናቸው። ስለዚህ አፕ ቢረዳኝ በሁለት እጄ ነው የምቀበለው። «ብቻ» ሲባል ግን እኔም አልስማማም፤ መምህርንም ወላጅንም የሚያስወጣ ቃል ነው።

የቄስ ልጅ፦
መምህርት፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ችግሩ የተማሪ ብዛት ከሆነ መምህር ይጨመር ይባላል እንጂ እንዴት ስልክ ይምጣ ይባላል? የኔታም እኮ ብዙ ልጅ ነበራቸው። ትልቁ ትንሹን ያስቀጽላል፣ እሳቸው ደግሞ ያዳምጣሉ። እዚያ ማሽን አልነበረም።

የቀበሌ 18ቷ፦
የኔታ የኔታ ሲባል ዝም ብዬ ቆየሁ። አለንጋውስ? ወንድሜ ፊደል የሚባል ነገር ሲሰማ የሚያለቅሰው ለምን ይመስልሃል? ዛሬም ትልቅ ሰው ሆኖ መጽሐፍ አይገልጥም። አፕ ልጅ አይገርፍም። ይህ ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

የቄስ ልጅ፦
ወንድምሽ ላይ የደረሰው ልክ አይደለም፣ አዝናለሁ። የኔ የኔታ ግን በስንደዶ ፊደል ያመለክቱበት ነበር እንጂ አንድ ቀን አልመቱኝም። አንድ ክፉ ሰው ገረፈ ብለሽ ያሳደገንን ሥርዓት በሙሉ አትጣይው።

የቀበሌ 18ቷ፦
አልጣልኩም። የደረሰብንን ግን አንሸፍን።

ኮድ የሚጽፈው፦
ወደ ነገሩ እንመለስ። በፈረንጅ 2012 ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ላልነበራቸው ልጆች ታብሌት ተሰጥቶ ነበር። «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የሚባለው ድርጅት ነው ያደረገው። አስተማሪ አልተላከም፣ ካርቶኑ እንደታሸገ ነው የተተወላቸው። አንዱ ልጅ በደቂቃዎች ውስጥ ከፍቶ ማብሪያውን አገኘው። በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር ይዘምሩ ነበር። በአምስት ወር ደግሞ የተዘጋባቸውን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱት። የኢትዮጵያ ልጆች ናቸው። እና ልጅ ብቻውን አይማርም የምትሉትን እንዴት ልቀበል?

የማራኪዋ እናት፦
አሁንም «ብቻ» መጣች።

የደምቢያው፦
ኮድ የሚጽፈው፣ እንደተናገርከው ሆኗል፣ ግን ግማሹን ነው የተናገርከው። እነዚያ ልጆች የዘመሩት የእንግሊዝኛ ፊደል ነው። የእናታቸው ቋንቋ ኦሮምኛ ነው። የፊደል መዝሙር መዘመር ደግሞ ማንበብ አይደለም፤ የአዘዞው አባት ልጅ አሁን አሳይታናለች። ለታብሌቱ የፀሐይ ኃይል ተተክሎላቸዋል፣ በየሳምንቱም ባለሙያ እየሄደ ሚሞሪ ይቀይር ነበር። ይህ ሁሉ እያለ እንዴት ብቻቸውን ትላለህ? እኔ ያደግሁት ከቆላድባ ወጣ ብሎ ነው። የአጎቴ ልጆች አሁንም እዚያው ናቸው። ቤት ውስጥ ያለችው አንዲት ስልክ ቁልፍ ያላት ናት፣ እሷንም ቻርጅ ለማድረግ ከተማ ይላካል። እናንተ ማራኪና አዘዞ ሆናችሁ የትኛው አፕ ይሻላል ትላላችሁ። «ስልክ ብቻ» ያለው ሰው ስልክን እንደ እርሳስ ነው የቆጠረው።

ኮድ የሚጽፈው፦
ልክ ነህ፣ ባለሙያ ይመላለስ ነበር። ያ ግን ሚሞሪ ለመቀየር እንጂ ለማስተማር አልነበረም። ከምንም አይሻልም?

የደምቢያው፦
«ከምንም ይሻላል» ለሰው ልጅ የሚነገር ቃል አይደለም። የገጠር ልጅ ሁልጊዜ ከምንም የሚሻለው ነው የሚደርሰው።

የአንደኛ ክፍል መምህርት፦
ደምቢያ፣ ቃልህ ነካኝ። ሌላም አለ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ክልላችን ውስጥ ለወራት የሞባይል ዳታ አልነበረም። ሁላችንም ኖረንበታል። ያኔ የቤት ሥራው በዳታ በሚሠራ አፕ ቢሆን ኖሮ ልጆቹ ምን ይሆኑ ነበር? ስለዚህ የማራኪዋ፣ ሌላ ነገር ከመጠየቅሽ በፊት አፑ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል ወይ ብለሽ ጠይቂ። ቀጥለሽ መሀል ላይ ማስታወቂያ ይገባበታል ወይ በይ። ነፃ የሚባሉት ላይ ልጁ ፊደል ሊነካ ሲል ማስታወቂያ ነክቶ ሌላ ቦታ ይገኛል።

የአዘዞው አባት፦
የማስታወቂያው ነገር እውነት ነው። እኔ ዳታ አጥፍቼ ነው የምሰጣት።

ስዊድን የኖርኩ፦
ከሩቅ ሆኜ አንድ ነገር ልጨምር። ስዊድን መዋዕለ ሕፃናቱ ሁሉ ዲጂታል መሣሪያ ይኑራቸው ያለችውን ውሳኔ በፈረንጅ 2023 ልትቀለብስ ተነሥታ ወደ ታተመ መጽሐፍ ተመልሳለች። ያንን ሁሉ ገንዘብ ያፈሰሱት ሰዎች ሲመለሱ እኛ አሁን ልንሄድበት ነው?

የአንደኛ ክፍል መምህርት፦
እነሱ የሚመለሱበት መጽሐፍ አላቸው። እኔ ክፍል አንድ መጽሐፍ ለሦስት ልጅ ነው። መሀል የተቀመጠው ያነባል፣ ግራና ቀኝ ያሉት ያዳምጣሉ። ስዊድንን አታምጣብኝ ወንድሜ፣ መጽሐፉን አምጣልኝ።

ስዊድን የኖርኩ፦
ተቀበልኩ። ክረምት ስመጣ ይዤ እመጣለሁ፣ ይህን ስል ለወሬ አይደለም።

የቀበሌ 18ቷ፦
ስንት ፊደል ነው ግን እነዚህ አፖች የሚያስተምሩት? የልጄ 34 ቤት ይላል። እኛ የተማርነው 33 ነው።

የቄስ ልጅ፦
33 ነው። በሰባት ሲባዛ 231። «ቨ» ለባዕድ ቃል የገባች ናት።

ኮድ የሚጽፈው፦
ቪዛና ቪዲዮ የሚለው ልጅ «ቨ»ን የት ይማራት ታዲያ? አፑ ልክ ነው። ዲቃላዎቹም አሉ፣ ኳ፣ ጓ፣ ቋ።

የቄስ ልጅ፦
ይማራት። ሀ ግዕዝ ብሎ ከጀመረ በኋላ ይማራት። ቁጥሩን ግን አታዛቡት።

የአንደኛ ክፍል መምህርት፦
ቁጥሩን ተዉት። ልጆቼ የሚወድቁት ሌላ ቦታ ነው። «ገና» የሚለውን ቃል ጻፉና ልጅ ያንብበው። ሲጠብቅ በዓሉ ነው፣ ሲላላ «ገና ነኝ» የምንለው ነው። «አለ»ም እንዲሁ፣ «ዋና»ም እንዲሁ። ጽሑፉ ላይ ምንም ምልክት የለም። ልጁ ሁለቱን ፊደል በትክክል ለይቶ ቃሉን ሊስተው ይችላል። የሚለየው ዓረፍተ ነገሩን ሲረዳ ነው። እኔ ያየኋቸው አፖች ቃሉን ለብቻው አውጥተው በአንድ ድምፅ ያነቡታል። ልጁ ያቺን አንዷን ይዞ ክፍል ይመጣና «እናቴ ገና አልመጣችም» የሚለውን እንደ በዓሉ አጥብቆ ያነብልኛል። አጠገቡ ሰው ቢኖር ኖሮ «እስቲ ድገመው፣ ምን ማለት ነው?» ይለው ነበር። ማንበብ ማለት እኮ እዚህ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ፊደል መለየት ነው።

የአዘዞው አባት፦
ይህንን አፕ የሚሠሩት ሰዎች ቢሰሙት። መምህርት፣ በእውነት፣ እናንተን ሳይጠይቁ ነው የሚሠሩት።

ኮድ የሚጽፈው፦
እኔ እሰማለሁ። ቃሉን በዓረፍተ ነገር ውስጥ አድርጎ ሁለቱንም ድምፅ መቅዳት ከባድ ሥራ አይደለም። ግን ይህ አፕ ይሻሻል ያሰኛል እንጂ አፕ ይቅር አያሰኝም።

የማራኪዋ እናት፦
ማንም ይቅር አላለም እኮ! እኔ መቼ ይቅር አልኩ? «ስልክ ብቻ» አትበሉኝ ነው ያልኩት። እኔ ማታ ሱቅ ዘግቼ ስገባ ልጄ እየሮጠ ይመጣል። ያቺን ሰዓት ስልክ ከወሰዳት ለኔ ምን ይቀረኛል? ማንበብን ከኔ ድምፅ ጋር እንዲያስታውሰው እፈልጋለሁ። እናቴ ማንበብ አትችልም ነበር። ግን ፊደል ገበታዬን ይዛ አጠገቤ ትቀመጥና «ይህችስ?» ትለኝ ነበር። ልክ ልበል አልበል አታውቅም። እኔ ግን እንዳላሳፍራት ስል አጠናሁ።

የደምቢያው፦
እግዚአብሔር ያክብራት እናትሽን።

የቄስ ልጅ፦
አሜን። አየህ የአዘዞው፣ ያቺን እናት በምን አፕ ትተካታለህ?

የአዘዞው አባት፦
አልተካኋትም አልኩህ! ለምን እንደዚያ ታደርገዋለህ? እኔም ማታ ልጄን አቅፌ ነው አፑን የምንከፍተው። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጅ 2019 ባወጣው መመሪያ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያለ ልጅ ቁጭ ብሎ ስክሪን የሚያይበት ጊዜ በቀን ከአንድ ሰዓት አይብለጥ፣ ቢያንስም ይመረጣል ይላል። እኛ ቤት ሃያ ደቂቃ ነው። ቁጭ ባለ ጊዜ ከአሳዳጊው ጋር ያንብብ፣ ተረት ይስማም ይላል እዚያው ላይ። ሁለቱንም ነው የማደርገው። ስልክ ስላልኩ ልጁን የጣለ አባት አታድርገኝ።

የቄስ ልጅ፦
ይቅርታ፣ አንተን አላልኩም። ሃያ ደቂቃ ከሆነ እኔም ጠብ የለኝም። ግን ስብሰባ ላይ የተነገረው ሃያ ደቂቃ አይደለም።

የቀበሌ 18ቷ፦
ለኔ ደግሞ ማታ የሚያቅፍ ሰው የሌለውም ልጅ አለ። እናቱ ሌሊት ተረኛ የሆነች፣ አያቱ ማየት የተሳናቸው። ለዚያ ልጅ ድምፅ ያለው አፕ ቁም ነገር ነው። እሱን ረስታችሁ አታውሩ።

የአንደኛ ክፍል መምህርት፦
አልረሳነውም። ስሙን ሁሉ አውቀዋለሁ፣ እኔ ክፍል ነው ያለው።

የማራኪዋ እናት፦
ሰኞ ጠዋት ልጄን ሳደርስ ቢሮ እገባለሁ። ያለ ኢንተርኔት ይሠራል ወይ፣ ማስታወቂያ አለው ወይ፣ በቀን ስንት ደቂቃ ነው፣ ስልክ የሌለው ወላጅስ ምን ያድርግ ብዬ በጽሑፍ እሰጣለሁ። የጎደለ ካለ ጨምሩልኝ።

የቄስ ልጅ፦
አቡጊዳ አለው ወይ በያቸው።

ኮድ የሚጽፈው፦
አፑን ማን እንደሠራው ጠይቂልኝ። ስለ «ገና» እጽፍላቸዋለሁ።

የደምቢያው፦
ስልክ የሌለው ወላጅ የሚለውን መጀመሪያ ላይ አድርጊው፣ አራተኛ ላይ አይሁን።

የማራኪዋ እናት፦
እሺ። አንደኛ አደረግኩት።

የአዘዞው አባት፦
ብቻ አፑን አታስወጡት።