ብሩሹን ልያዝ ወይስ ስልኩን? ድሬና ሐረር ያላችሁ አርቲስቶች እንዴት እያደረጋችሁት ነው

ከዚራ_ቀለም፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምትስሉ የምትዘፍኑ ፎቶ የምታነሱ ልጆች አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ከአምና ጀምሮ የያዝኩት ስራ የሽመንደፈር ነው፣ ማለቴ የድሮው የባቡር ጋራዥ፣ ማሽኖቹ፣ ጡረታ የወጡት አባቶች፣ እስካሁን እርስ በርሳቸው በፈረንሳይኛ የሚቃለዱት። አብሬያቸው ቁጭ ብዬ ሻይ እየጠጣሁ እያወራሁ ነው የምስላቸው ስለዚህ ስራው ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። ፖስት ሳደርገው ግን ማን ያየዋል፣ ያው እህቴና የሰፈር ልጆች ላይክ ያደርጋሉ አለቀ። አንዴ ደሞ ሰው አዞኝ የሐረር ጅብ ሳልኩ፣ ሰውየው በእንጨት ስጋ ሲያጎርሰው፣ እሱን በሪልስ ለቀቅኩት እና አበደ በቃ፣ ከውጪ ሁሉ ኢንቦክስ እየገቡ ሌላ ጅብ አለህ ወይ ይሉኛል። አሁን ምንም ብለጥፍ ኮሜንቱ "ጅቡስ?" ሆኗል 😂

ጅብ መሳል ጠልቼ አይደለም። የከበደኝ ሌላ ነው፣ ሸራ ወጥሬ ገና ምን እንደምስል ሳላውቅ ይሄ በቪዲዮ ያምር ይሆን እያልኩ ማሰብ ጀመርኩ። ደሞ የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ፣ አክሪሊክ ፓሌቱ ላይ እያለ ነው የሚደርቀው፣ ስልክ አቁሜ መብራት አስተካክዬ እስክመለስ የቀላቀልኩት ቀለም ቆዳ ሰርቶ ይጠብቀኛል። ሰው ሁሉ በየቀኑ ካልለጠፍክ ትረሳለህ ይለኛል። እናንተ ምን ታደርጋላችሁ? ሸራና ቀለሙን ከአዲስ አበባ ነው የማስመጣው ዋጋውን አልነግራችሁም፣ ስለዚህ አትሽጥ ዝም ብለህ ሳል የሚለውን ምክር ተዉልኝ።

ጁገል_ፎቶ፦
አቦ የኔው ጉድ ነው ይሄ። ሐረር ላይ ካሜራ ይዞ የሚወጣ ሰው ሁሉ የሚያነሳው አንድ ነገር ነው፣ ባለቀለሙን ግድግዳ፣ ከፊቱ የምታልፍ ሴት፣ አለቀ። እኔም አነሳዋለሁ አልዋሽም ይሸጣል። ግን መኪና ግርግርን፣ የልብስ ሰፊዎቹን መንገድ፣ አስበው እስቲ፣ ስሙ የወጣለት በልብስ ስፌት መኪናዎቹ ድምጽ ነው አይደል፣ አሁን ቪዲዮዎቹን ብታይ ሁሉም የሳምንቱን ትሬንድ ሙዚቃ ለጥፎበታል አንድ መኪና ሲሰፋ አትሰማም። ሰፊዎቹም ሰለቻቸው፣ ካሜራ ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ እውነታቸውን ነው።

እኔ የማደርገው ምን መሰለህ፣ ያነሳሁትን ቢያንስ አንድ ወር አልለጥፈውም። ሳልለጥፈው ስቆይ የቱን እንደምወደው ለራሴ አውቃለሁ፣ ከዛ በኋላ ላይክ ቢያገኝም ባያገኝም ሀሳቤን አይቀይረውም። የዛኑ ቀን ከለጠፍኩ ግን ምርጡን ፎቶ የሚመርጥልኝ ቁጥሩ ነው። ቪዲዮውን ደሞ ስትስል አትቅረጽ፣ ስዕሉ ካለቀ በኋላ ሽማግሌዎቹን አምጥተህ ራሳቸውን ሲያዩ ቅረጽ፣ ፈቃደኛ ከሆኑ ማለቴ ነው።

የእማዬ_ስፌት፦
ወንድሜ እኔ አርቲስት አይደለሁም ግን የእናቴን የሳር ስፌት በኢንስታግራም የምሸጥላት እኔ ነኝ ስለዚህ ትንሽ ልበል። አንድ ትልቅ ስፌት ወራት ይፈጃል እኮ፣ ቪዲዮው ግን ከ15 ሰከንድ ካለፈ ሰው ያልፈዋል። ደንበኛ ደሞ ይመጣና "ከሶፋዬ ጋር የሚሄድ በግራጫ ይሰራልኝ" ይላል። እማዬ መጀመሪያ ስነግራት ሳቀች፣ ከዛ ምን አለች፣ ትንንሾቹን በፈለጉት ቀለም እሰራለሁ ትልቁን ግን እኔ እንደማውቀው ነው የምሰራው፣ የፈለገ ይግዛ። እስካሁን እንደዛው ነው የምንሰራው፣ ትንንሾቹ ቤቱን ይደጉማሉ ትልቁ ሲወደድ ይሸጣል ካልተሸጠ ግድግዳችን ላይ ይሰቀላል።

ደሞ አንድ ነገር ደስ አይለኝም፣ ስራን ማሳየት እንደ ነውር ሲወራ። የሐረሪ ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ አይደል፣ ጊድር ጋር፣ ዋናው ሳሎን ማለት ነው፣ ግድግዳው ከላይ እስከታች ስፌትና ሳህን ነው፣ ነደባው (ከፍ ያለው መደብ) ላይ የተቀመጠ እንግዳ አይቶ የቤቱን ሴት ሙያ እንዲያውቅ እኮ ነው። ሴቶቻችን ለማሳየት አፍረው አያውቁም። ግን እንግዳው ቤታቸው መጥቶ ነው የሚያየው፣ እንግዳ ደስ እንዲለው ብለው በየሳምንቱ ግድግዳውን አይቀይሩም።

ደቻቱ_ማዶ፦
እኔ ደሞ ትንሽ ልቃወም። ሁላችሁም ድሮ አርቲስት ዝም ብሎ ይሰራ ነበር ሰው ራሱ ፈልጎ ያገኘው ነበር የምትሉ ትመስላላችሁ። ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ አዲስ አበባ ያለውን ቪላ አልፋን ራሱ ነድፎ ቤቱንም ስቱዲዮውንም ሰው የሚጎበኘው አድርጎት ነበር፣ ያ ፕሮሞሽን ካልሆነ ምንድነው? የኛው አሊ ቢራስ፣ እዚሁ ድሬ ከአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ልጆች ጋር ሲጀምር ሰርግ ሰርግ እየዞሩ ነው የዘፈኑት። ህዝቡ ያለበት ሄዱ። ዛሬ ህዝቡ ያለው ስልክ ላይ ነው እዛው ሂድ። ሽማግሌዎቹን በፈረንሳይኛ ሲቀልዱ ቅረጻቸው ወላሂ ከጅቡ ይበልጣል!

ጁገል_ፎቶ፦
@ደቻቱ_ማዶ ሰርጉ ላይ እኮ የዘፈነውን የሰማው ሰርገኛው ሁሉ ነው። እዚህ ግን አልጎሪዝሙ ነው ማን እንዲያይህ የሚወስነው፣ ፎሎው ያደረገህ ሰው ራሱ ላያይህ ይችላል። ኢንስታግራም ፎቶዎቹን በጊዜ ቅደም ተከተል ማሳየቱን ከተወ ቆየ እኮ ከ2016 በፈረንጆቹ ጀምሮ ነው። ሽማግሌዎቹን ቅረጽ ያልከው ደስ ይላል ግን ልጁ ሰዓሊ ነው፣ ስዕሉ የቀልዱ ማስታወቂያ ሆኖ ሊቀር ነው።

ሳቢያን_ጊታር፦
ሁለታችሁም ልክ ናችሁ ግን ገንዘቡን ማንም አላነሳውም። ቲክቶክ ኢትዮጵያ ላለ ሰው በቪው አይከፍልም፣ የሚከፈለው ላይቭ ገብተህ ጊፍት ሲላክልህ ነው፣ እሱ ደሞ ሌላ ስራ ነው ሌሊቱን ሙሉ ማውራት። ስለዚህ 100 ሺ ቪው ብታገኝ ገዢ ካላመጣልህ የፓኬጅህን እንኳን አይመልስም። ሌላ ደሞ 2015 የካቲት ላይ ፌስቡክም ቲክቶክም ቴሌግራምም ሲዘጋ ታስታውሳላችሁ? አምስት ወር ገደማ። ቪፒኤን የማይችል ደንበኛ ያኔ ሁሉም ጠፋ። እኔ ከዛ ወዲህ ስራዬን የገዛ የጠራኝ ሰው ሁሉ ስልክ ቁጥሩን ደብተር ላይ እጽፋለሁ፣ አዲስ ነገር ሲኖር ደውዬ እነግራለሁ። ትንሽ ሰው ነው ግን ይመጣል። አንተም ጅቡን ከገዙት ቁጥር ተቀበል።

ከዚራ_ቀለም፦
አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። የእማዬ ስፌትን ሀሳብ ወድጄዋለሁ፣ ጅቡን በትንሽ ሳይዝ ወረቀት ላይ፣ ሽመንደፈሩን በትልቁ ሸራ፣ እስቲ ልሞክረው። ለእማማም ሰላም በይልኝ። @ደቻቱ_ማዶ ሽማግሌዎቹን ስለ ቪዲዮው ጠይቄያቸው ነበር፣ አንዱ "መጀመሪያ ጡረታዬን ይጨምሩልኝ" አለኝ 😂

አንድ ጥያቄ ግን ይቀረኛል፣ የኔን ጅብ ሐረር ላይ ቲሸርት ላይ አትመው ሲሸጡት ሰው ፎቶ ላከልኝ። ፊርማዬን ቆርጠው አውጥተውታል። ምን ይደረጋል?

ሳቢያን_ጊታር፦
የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ አለ 410/1996፣ ስዕል ይሸፈናል፣ ባታስመዘግበውም ያንተ ነው። ግን ክስ ከመሄድህ በፊት ሂድና አናግራቸው፣ ኦርጅናሉን ሸራና መጀመሪያ የለጠፍክበትን ቀን ስክሪንሾት ይዘህ ሂድ።

የእማዬ_ስፌት፦
የየትኛው ሱቅ እንደሆነ በኢንቦክስ ላክልኝ፣ በቀን ሁለቴ በዛ በኩል ነው የማልፈው። ቅዳሜ የምትመጣ ከሆነ አብሬህ እገባለሁ።