ሁለቱ የባጃጅ ሹፌሮች፦ መልስ የለውም ወይስ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት?

የማራኪው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ማታ መብራት ጠፍቶ ሻማ አብርተን ተቀምጠናል። ሰባተኛ ክፍል ያለች ልጄ እንቆቅልሽ አመጣችብኝ። ፒያሳ ላይ ሁለት የባጃጅ ሹፌሮች ቆመዋል። ሹፌር ወይ ሁልጊዜ እውነት ይናገራል፣ ወይ ሁልጊዜ ይዋሻል። ባለ ቀይ ኮፍያው «ሁለታችንም ውሸታሞች ነን» አለ። ማን ምንድን ነው?

እውነተኛ ቢሆን ራሱን ውሸታም አይልም። ስለዚህ ይዋሻል። እስከዚህ ጥሩ። ከዋሸ ደግሞ ያለው ነገር ሐሰት ነው፤ ማለትም ሁለቱም ውሸታሞች አይደሉም። ታዲያ እሱም እውነተኛ ሊሆን ነው! ዞሬ እዚያው። «ይሄ መልስ የለውም፤ ካለው የጥምቀት ቀሚስ አሰፋልሻለሁ» ብዬ ፎከርኩ። ዛሬ ቡና ላይ ጓደኞቼን ጠየቅኳቸው። አብረውኝ ገደል ገቡ።

አዘዞ ነኝ፦
ጋሼ፣ ያሳሳተዎት አማርኛችን ነው። «ሁለቱም ውሸታሞች አይደሉም» ሲባል «አንዳቸውም አይዋሹም» ማለት ሊሆን ይችላል። «ሁለቱም አይደሉም፣ አንዱ ግን ሊሆን ይችላል» ማለትም ይሆናል። ጠበል ጠዲቅ ላይ «ሁሉም አልመጡም» ቢሉዎት፣ ቤቱ ባዶ ነው ወይስ ሁለት ሦስት ሰው ቀርቷል? የባለ ኮፍያውን ንግግር ሐሰት ለማድረግ አንድ እውነተኛ ይበቃል። እሱ እንደሚዋሽ ራስዎ አግኝተውታል። እውነተኛው ጓደኛው ነው።

የጠመኔ አቧራ፦
እኔ ተማሪዎቼን እዚህ ጋ «አይደለም» የሚለውን ቃል እከለክላቸዋለሁ። ውሸታሞቹን ቁጠሩ እላለሁ። ሰዎቹ ሁለት ስለሆኑ ቁጥሩ 0፣ 1 ወይም 2 ነው። ሹፌሩ 2 አለ፤ ዋሽቷል፤ 2 ይሰረዝ። ራሱ ውሸታም ስለሆነ 0ም ይሰረዝ። 1 ቀረ። ሰዎቹ አራት አምስት ሲሆኑ ይሄ መላ ብዙ ድካም ያስቀራል።

ለልጅዎ ደግሞ ይቺን ይስጧት። ሹፌሩ «ከሁለታችን ቢያንስ አንዱ ውሸታም ነው» ቢልስ?

የማራኪው፦
እሷ ተኝታለች፤ ራሴ ልሞክረው። ውሸታም ቢሆን ቢያንስ አንድ ውሸታም አለ፣ እሱ ራሱ። ያለው እውነት ሆነ ማለት ነው፤ ውሸታም ደግሞ እውነት አይናገርም። ስለዚህ እውነተኛ ነው፣ የሚዋሸው ጓደኛው ነው። ልክ ነኝ?

አዘዞ ነኝ፦
ልክ ነዎት ጋሼ። ፉከራውስ?

የማራኪው፦
እሱን ተወው። የልጅ የሀበሻ ቀሚስ አሁን ስንት ገባ?