ጅረቱን ይዞ እስከ በሩ መሮጥ፣ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ጫማስ ይወለቃል?

አስፋልቱ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የአስፋልት ሯጭ ነኝ፣ 15 ኪሎሜትር በአንድ ሰዓት ከ20 እጨርሳለሁ። ከጓደኛዬ ጋር የተራራ ጅረት ይዘን ወደ ላይ ሮጠን በሩ (ሁለቱ ጫፎች መሃል ያለው ዝቅ ያለ መሻገሪያ) ደርሰን ልንመለስ ነው። መውጫው 9 ኪሎሜትር ሆኖ 900 ሜትር ዳገት አለው፣ በሩ 3,400 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ በረዶው ገና ቀልጦ አላለቀም፣ መንገዱ ጅረቱን አራት ቦታ ያቋርጣል ድልድይ የለም። ደርሶ መልስ 18 ስለሆነ ቢበዛ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው ብል ጓደኛዬ ሳቀብኝ። ቀን 7 ሰዓት ብንነሳስ?

ዳገት_አይፈሬ፦
ሃሃ ጓደኛህ ልክ ነው። ተራራ ላይ ኪሎሜትሩን ተወውና ዳገቱን ቁጠር። ኔይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ በ1892 እ.ኤ.አ. ለእግረኛ ያወጣት ስሌት አለች፣ ለ5 ኪሎሜትር አንድ ሰዓት፣ በላዩ ለየ600 ሜትሩ ዳገት ሌላ አንድ ሰዓት። ያንተ ሲሰላ መውጫው ብቻ 3 ሰዓት ከ20 ገደማ ይመጣል። እየሮጥክ ከዛ ትቀንሳለህ ግን ለመውጫው ሁለት ሰዓት ያዝ። ቀጥ ያለው ዳገት ላይ ደግሞ እጅህን ጭንህ ላይ አድርገህ ተራመድ፣ ነውር የለውም፣ ጎበዞቹም ይራመዳሉ። 3,400 ላይ በአንድ ትንፋሽ የምታገኘው ኦክስጅን ባህር ወለል ላይ ከምታገኘው ሁለት ሦስተኛው ነው። ራስህን አሞህ ካቅለሸለሸህ ውረድ፣ አትከራከር።

እርጥብ_ካልሲ፦
7 ሰዓት በፍጹም!! ተራራ ላይ ነጎድጓድ የሚበዛው ከሰዓት ነው፣ በሩ ላይ ደግሞ መጠለያ የለም። ሌላው ጅረቱ ራሱ ነው፣ ፀሐይ በረዶውን ስታቀልጠው ውሃው እያደገ ይሄዳል። እኔ አንዴ ጠዋት ስሻገር ቁርጭምጭሚቴ ጋ ነበር፣ መሃል ያለው ድንጋይ ላይ የተቀባችው ቀይ የመንገድ ምልክት እንኳ ትታይ ነበር፣ 9 ሰዓት ላይ ስመለስ ምልክቷ ቀርቶ ድንጋዩም የለም፣ ውሃው ደፍርሶ ከስር ድንጋይ ሲንከባለል ይሰማል። ሰፋ ያለ ቦታ እስካገኝ ብዙ ወደ ላይ ተመለስኩ። ጠባቡን አትመኑት፣ ሰው የሚወስደው እሱ ነው።

ቀስ_በቀስ፦
እኔ ጫማዬን አውልቄ ነው የምሻገረው፣ በእርጥብ ጫማ መሮጥ እግር ይልጣል

እርጥብ_ካልሲ፦
@ቀስ_በቀስ ለአንድ ማቋረጫ እሺ፣ ለአራት ግን? የበረዶ ውሃ ውስጥ እግርህ ይደነዝዝና ምን እንደረገጥክ አታውቅም፣ ድንጋዩም ያዳልጣል። ጫማው ውሃ የሚያስወጣ መረብ ይሁን፣ ጎርቴክስ (ውሃ የማያስገባው ጨርቅ) ከላይ አንዴ ከገባበት ውሃውን ይዞ ይቀመጣል። ስስ የሱፍ ካልሲ አድርጉ፣ የቦርሳችሁን ማሰሪያ ውሃው ውስጥ ስትገቡ ፍቱት፣ ከወደቃችሁ ጥላችሁት እንድትነሱ።

ጉልበቴ፦
ስለ ቁልቁለቱ ማንም አላነሳም! ስትወርድ የጭንህ ጡንቻ እየተለጠጠ ነው ክብደትህን የሚይዘው፣ በማግስቱ ደረጃ ወደ ኋላ ዞረህ ነው የምትወርደው። እርምጃህን አሳጥር፣ አይንህ ጫማህ ላይ ሳይሆን ሁለት ሦስት ሜትር ፊት ለፊት ይሁን። ቀጭን የንፋስ ጃኬትም ያዙ፣ ላይ ከመነሻችሁ ወደ 6 ዲግሪ ይቀዘቅዛል እናንተ ደግሞ ላብ በላብ ናችሁ።

አስፋልቱ፦
እግዜር ይስጥልኝ። እሺ ንጋት 12 ሰዓት እንነሳለን ጫማም አናወልቅም። ግን መቼ ነው "በቃ እንመለስ" የሚባለው?

ዳገት_አይፈሬ፦
ሳትነሱ በፊት ሰዓት ቁረጡ። ጠዋት 4 ሰዓት ከሆነ የትም ሁኑ የት ትዞራላችሁ፣ በሩ ፊት ለፊት ቢታይም።

አስፋልቱ፦
ለኔ ቀላል ነው፣ ጓደኛዬ ግን 200 ሜትር ቀርቶት ይዞራል ብላችሁ ነው? ይሄን ልኬለታለሁ፣ አይቶታል፣ እስካሁን አልመለሰልኝም።