ለሥራ አስኪያጆች የምንሰጠው የኢንተርኔት ግብይት ሥልጠና፦ የክፍያ ማረጋገጫው አልሠራ አለን

ሰላም ጤና ይስጥልን። ፍኖተ ሰላም ላይ ለ18 የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሥራ አስኪያጆች የ3 ቀን ሥልጠና እያዘጋጀን ነው። የተቸገርነው 2ኛው ቀን ላይ ነው።

የልምምድ ሱቁ (ጤፍ በኩንታል፣ ማር በኪሎ) አንድ ላፕቶፕ ላይ ተጭኗል። ሠልጣኞች በዋይፋይ 192.168.1.10 ብለው ይገባሉ። ራውተሩ ኢንተርኔት ስለሌለው አንዳንዱ አንድሮይድ ስልክ ወደ ሞባይል ዳታ ይዞርና ገጹ አይከፈትም፤ ይህን ዳታ በማስጠፋት አልፈነዋል።

ክፍያው ግን አስቸግሯል። ደንበኛው ሲከፍል የክፍያ ሥርዓቱ "ተከፍሏል" የሚል መልእክት ለሱቁ ሰርቨር (ለላፕቶፑ) መላክ አለበት። 192.168 የውስጥ አድራሻ ስለሆነ ከውጭ አይደረስበትም፤ ትእዛዙ "በመጠባበቅ ላይ" እንዳለ ይቀራል። ላፕቶፑን ለጊዜው ከውጭ የሚያገናኝ ነጻ አገልግሎት ሞክረን ነበር፤ እንደገና ባስነሣነው ቁጥር አድራሻው ይቀየራል፣ በክፍያ ሥርዓቱ ላይ የተመዘገበው ግን የድሮው ነው።

በእጅ "ተከፍሏል" ብሎ መጫን ይቻላል። ያ ግን የደንበኛውን የክፍያ ስክሪንሾት አይቶ ዕቃ መልቀቅን ማስተማር ነው፤ ልናስጥላቸው የምንፈልገውም ይህንኑ ልማድ ነው።

እዚያው ላፕቶፕ ላይ የክፍያ ሥርዓቱን መስሎ ፊርማ (ከመልእክቱ ይዘትና ከምስጢር ቁልፍ የሚሰላ፣ ላኪውን የሚያረጋግጥ ኮድ) ያለው መልእክት የሚልክ ትንሽ ፕሮግራም ያስኬደ አለ? ፊርማውንስ ኮድ ሳታሳዩ እንዴት ታስረዳላችሁ? እኛ የመጋዘን ማኅተምን አስበን ነበር። ነገር ግን ማኅተም 5 ኩንታልም ላይ 50 ኩንታልም ላይ ያው ነው፤ ይህ ፊርማ ደግሞ አንድ አኃዝ ሲነካ ይፈርሳል። የተሻለ ምሳሌ ያላችሁ እባካችሁ ጻፉልን።