ጥቆማ፦ እሬት ለምትተክሉም፣ ጄሉን ለምትገዙም

"እሬት ልትከል ወይስ የታሸገውን ጄል ልግዛ?" የሚለኝ ሰው በዝቷል። መልሴ ቁርጥ ያለ ነው፦ ትከሉ። የታሸገውም ግን ቦታ አለው።

ከዘር ማብቀል ብዙ ጊዜ ይፈጃል፤ አልመክረውም። ችግኝ ከገዛችሁ የግንዱን ሥር ጫን አድርጋችሁ እዩት። ከለሰለሰ መበስበስ ጀምሯል፤ ተዉት። እኔ ከሁሉም የምመርጠው ከወዳጅ እሬት ላይ የተወሰደ ልጅ ነው። ያደገ እሬት ከሥሩ ልጆች ያወጣል። ከነሥራቸው ለይታችሁ፣ የተቆረጠው ቦታ እስኪደርቅ አንድ ሁለት ቀን ጥላ ውስጥ አቆዩዋቸው። ከዚያ አሸዋ በተቀላቀለበት አፈር ትከሉ።

ለመትከያ ሸክላ ከፕላስቲክ ይሻላል፤ እርጥበቱን በጎኑ ያስወጣል። የመጀመሪያው እሬቴ ፕላስቲክ ውስጥ ነበር። ስለምሳሳለት በየቀኑ አጠጣው ነበር። ቅጠሎቹ ቡኒ ሆነው ለሰለሱ። አንድ ጠዋት ቀና ላደርገው ስል ያለ ሥሩ ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። በጣም አዘንኩ። አሁን ጣቴን አፈሩ ውስጥ እከታለሁ፤ ደረቅ ካልሆነ ውሃ አላስነካውም።

ስትጠቀሙ ቅጠሉን ከሥሩ ቆርጣችሁ ቁልቁል አቁሙት። ቢጫ ፈሳሽ ይንጠባጠባል። "እንደ እሬት መረረኝ" የሚያሰኘው ይሄ ነው። ሩብ ሰዓት ያህል ይውረድ፤ ከዚያ እጠቡትና ልጡን ግፈፉ። ውስጡ እንደ መስታወት የጠራ ነው። ለቀላል የፀሐይ ቃጠሎ እሱን ቀቡ። እሳት ወይም የፈላ ውሃ ካቃጠላችሁ ግን መጀመሪያ የተቃጠለውን ቦታ ለ20 ደቂቃ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር ያዙት። ሰፊ ወይም ጥልቅ ከሆነ በቀጥታ ሐኪም ቤት።

የታሸገው ጄል ለመንገድ ይመቻል። ስትገዙ ከፊት ያለውን ሥዕል ትታችሁ ከኋላ ያለውን ዝርዝር አንብቡ። አብዛኛውን ጊዜ ከብዙ ወደ ጥቂት ነው የሚጻፈው፤ እሬት ከመጨረሻ አካባቢ ከሆነ ይቅርባችሁ። አልኮል ያለበት ቆዳ ያደርቃል። ደማቅ አረንጓዴ ከሆነ ቀለም ተጨምሮበታል።

የሚጠጣውን አልመክርም። ቢጫው ፈሳሽ ሆድ ይቆርጣል፣ ያስቀምጣል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2002 እ.ኤ.አ. ከእሱ የተሠሩ፣ ያለ ማዘዣ የሚሸጡ የሆድ ማለስለሻዎችን ከገበያ አስወጥቷል። ነፍሰ ጡሮች፣ አደራ፣ አትጠጡት። ድመት ወይም ውሻ ካላችሁ ደግሞ ተክሉን ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ከበሉት ያስመልሳቸዋል።