ውሻው የግቢ ቁልፍ ይዞ ሮቶ ስር ገብቷል፣ እባካችሁ ቶሎ

ሻይ በሎሚ፦
ሰላም ቤተሰብ። ቡቺ የግቢውን ቁልፍ ከነማንጠልጠያው ነጥቆኝ ሮቶው ስር ገብቷል። በሩ ተቆልፏል። ሥራ ረፍዶብኛል፣ ተከራዮቹ ሁሉ ቆመው እኔን ነው የሚያዩት። ስጠጋው ሹልክ ብሎ ይወጣና ግቢውን ይዞራል፣ ሲደክመኝ ቆም ብሎ ያየኛል፣ ስነሳ ደግሞ ይሮጣል። መጥረጊያ ባነሳበት ጭራሽ ከብሎኬቱ ኋላ ተሸጎጠ። እልህ ይዞት ነው። ጎረቤቴ ደግሞ «ገመድ እየጎተትሽ ስታጫውቺው ነው የባለገው» ትለኛለች። ምን ላድርግ?

ፒያሳ ማታ፦
አጥሩን ዝለይዋ ሃሃሃ

ሻይ በሎሚ፦
አጥሩ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ተሰክቷል። ቀሚስ ነው የለበስኩት። ቁም ነገር ንገሩኝ።

ቁርስ ቤት፦
ሥጋ ስጪው።

የድሮ ዘበኛ፦
ልጄ፣ ውሻ ለዘብ ነው እንጂ ለጨዋታ አይደለም። በኛ ጊዜ ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል፣ ጌታውን ያውቃል። እኔ መቻል የሚባል ውሻ ነበረኝ፣ ካዛንቺስ ሳለን ማለት ነው፣ ያኔ ሰፈሩ ሰፈር ነበር። መቻል እንኳን ቁልፍ ሊነጥቅ የወደቀ እንጀራ ሳይፈቀድለት አያነሳም። አሁን ሶፋ ላይ ታስተኙታላችሁ፣ በስሙ ኬክ ትቆርሳላችሁ፣ ከዚያ ቁልፍ ወሰደ ብላችሁ ታለቅሳላችሁ። ለመሆኑ ሌላ ቁልፍ የላችሁም?

ሻይ በሎሚ፦
ሌላው አከራያችን ጋ ነው። እሳቸው ለልቅሶ ክፍለ ሀገር ሄደዋል። ጋሼ ኬክም አልቆረስኩም።

ቀበና ታች፦
በመጀመሪያ መሮጥሽን አቁሚ። አንቺ ቁልፍ እያስመለስሽ ነው የሚመስልሽ፣ እሱ ሌባና ፖሊስ እየተጫወተ ነው። ቁልፉ ለሱ ምኑም አይደለም፣ የሚጣፍጠው ያንቺ ማባረር ነው። ቆም ብሎ ያየኛል ያልሽው «ነይ እንጂ» እያለሽ ነው። መጥረጊያውን ጣይው። ጀርባሽን ስጪውና ወደ ቤትሽ ሂጂ፣ እንደውም ሮጥ በይ፣ ውሻ የሚሸሸውን መከተል ይወዳል። ከዚያ የሚበላ ነገር ይዘሽ መሬት ላይ ቁጭ በይ፣ ፊት ለፊት ሳይሆን ጎንሽን ሰጥተሽ። ፌስታል አንኮሻኩሺ። ሲመጣ ምግቡን አንድ ቦታ አታስቀምጪ፣ ቆራርሰሽ ወደ ጎን በትኚው። ቁልፉን ጥሎ እየለቀመ ራቅ ሲል ያኔ ታነሺያለሽ። አፉ ውስጥ እያለ እጅሽን እንዳትሰጂ። ካጉረመረመ ደግሞ ጭራሽ አትጠጊው።

ጠርጣራው፦
አይ፣ ይሄማ ጉቦ ነው። ዛሬ ለቁልፍ ሥጋ ከበላ ነገ ስልክሽን ይዞ ዋጋ ሊደራደር ይመጣል። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ሲባል አልሰማችሁም? ደሞ ማነው እልህ የያዘው? ውሻው? እልህ የያዘሽ አንቺን ነው። እሱ ጠዋቱ ጥሩ እየሄደለት ነው።

ቁርስ ቤት፦
ሥጋ።

ሻይ በሎሚ፦
ሥጋ ከየት ይምጣ፣ ጾም ነው። ያደረ ሽሮ አለ፣ እሱን በእንጀራ ልስጠው?

ክሊኒክ ውዬ፦
ሽሮውን ተዪው፣ ሽንኩርት አለበት። ሽንኩርት፣ ጥሬም ይሁን የበሰለ፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳል። ደረቅ ዳቦ ወይ ካሮት ይበቃል። ዕድሜውን አልነገርሽንም። ከ4 እስከ 6 ወር ከሆነ ጥርስ እየቀየረ ነው። 28ቱ የወተት ጥርሶች ወድቀው 42 ይተካሉ፣ ድዱ ስለሚያሳክከው ያገኘውን ያኝካል። ማንጠልጠያው ላይ ትንሽ ነገር ካለና ከዋጠው ነገ ዛሬ ሳትዪ ሐኪም ጋ ውሰጂው። ጥርሱ ቆዳሽን ከበሳው ደግሞ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቢና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂጂ። «የቤት ውሻ ነው» ብሎ ዝም ማለት የለም፣ የእብድ ውሻ በሽታ ቀልድ አያውቅም።

የጎረቤትሽን ነገር በተመለከተ፣ ጉተታው አላባለገውም። በፈረንጆቹ 2002 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት አለ፣ 14 ጎልደን ሪትሪቨር ውሾችን ገመድ እያጓተቱ አንዴ ተሸነፉላቸው፣ አንዴ አሸነፏቸው። ውሾቹ ስላሸነፉ በሰው ላይ የበላይ ልሁን አላሉም። ችግሩ ጨዋታው ደንብ ሲያጣ ነው።

ሻይ በሎሚ፦
7 ወር ሊሆነው ነው። ዳቦ እያመጣሁ ነው ቆዩ

ጠርጣራው፦
እሺ ደንቡ ምንድነው? የኔም ገመድ አይለቅም። እጄን ጨርሶታል።

ክሊኒክ ውዬ፦
እየጎተተ እያለ «ልቀቅ» በልና መጎተትህን አቁም። ገመዱን ጉልበትህ ላይ አጣብቀህ ያዝ፣ አትወዝውዘው፣ እንጨት ሁን። የማይጎተት ገመድ ይሰለቸዋል፣ ይለቃል። በለቀቀባት ቅጽበት «ጎበዝ» ብለህ ገመዱን መልስለት። ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው፣ ስለለቀቀ ጨዋታው አያልቅበትም፣ እንደገና ይጀመርለታል። በለቀቀ ቁጥር ገመዱ የሚወሰድበት ውሻ ለምን ይለቃል? ጥርሱ እጅህን ከነካ ግን ሳትጮህ ሳትማታ ተነስተህ ሂድ። ይሄን በደህናው ቀን በራሱ መጫወቻ ካለማመድከው በችግር ቀን ጉቦ አያስፈልግህም።

የድሮ ዘበኛ፦
እንጨት ሁን ነው የሚሉት ለውሻ።

ቀበና ታች፦
ጋሼ እርስዎም መቻልን ያስተማሩት ሳያስቡት በጨዋታ ይሆናል። ለጠባብ ግቢ ደግሞ አኩኩሉ አሪፍ ነው። አንድ ሰው ውሻውን ይያዝ፣ ሌላው ከበር ኋላ ወይ የተሰጣ ልብስ ጋ ይደበቅና ስሙን አንዴ ይጥራ። ሲያገኘው ምግብ ይስጠው፣ ያሞጋግሰው። በዚሁ ሲጠሩት መምጣትን ይማራል። መጀመሪያ ላይ ግማሽ ሰውነታችሁ ይታይ፣ ካላገኛችሁ ተስፋ ይቆርጣል። ቤት ውስጥ ሲሰለቸው ደግሞ ባዶ ሃይላንድ ክዳኑንና ቀለበቱን አውጥታችሁ ደረቅ ዳቦ ክተቱለትና እያያችሁት ያንከባልለው። ፕላስቲኩ መሰንጠቅ ሲጀምር ጣሉት።

ፒያሳ ማታ፦
ልጅቷ ወጣች?

ቁርስ ቤት፦
ዳቦውን እሷ በልታው ይሆናል።

ሳሎን ሙሉ፦
የኔዋ ደግሞ ካልሲ ነው የምትሰርቀው። አንድም ጥንድ የለኝም። እሷስ?

ቀበና ታች፦
አሮጌ ካልሲ ቋጥረሽ መጫወቻ ሰጥተሻት ነበር?

ሳሎን ሙሉ፦
አዎ እንዴት አወቅሽ?

ቀበና ታች፦
አሮጌውንና አዲሱን በምን ትለየው? ገመድ ስጫት።