ካምፐር መኪና ላይ የዲጂታል ቲቪ ምስል ሲቆራረጥ

ጥያቄ፦ የካምፐሬ (መኝታ ያለው የጉዞ መኪና) ጣሪያ ላይ አምፕሊፋየር (ሲግናል ማጉያ) ያለው አንቴና አለ። ምስሉ እየተሰባበረ ይቆማል፤ አንዳንድ ቻናል ጭራሽ አይገኝም። ትልቅ አንቴና ልግዛ ወይስ ሌላ መላ አለው?

መልስ 1፦ አንቴና ለመቀየር አትቸኩል። መጀመሪያ አምፕሊፋየሩ 12 ቮልት እየደረሰው መሆኑን አረጋግጥ። ኃይሉ የሚሄደው በዚያው በአንቴናው ኬብል ስለሆነ ማብሪያው ከጠፋ፣ ወይም መሃል ላይ ኃይል የማያሳልፍ ማከፋፈያ ካለ፣ ሲግናሉ አብሮ ይሞታል። ቀጥሎ ጣሪያው ላይ ያለውን የኬብል ጫፍ ፍታው። አረንጓዴ ዝገት ካየህ ውሃ ገብቷል ማለት ነው፤ ደህናው መዳብ እስኪታይ ቆርጠህ አዲስ ማያያዣ ግጠምለት፣ ውሃ በማያስገባ ቴፕም ጠቅልለው። ኬብሉ ባለ 75 ኦም አርጂ-6 (የቲቪ አንቴና ኬብል ዓይነት) ይሁን። ለ2 የሚከፍል ማከፋፈያ ወደ 3.5 ዴሲቤል (የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ) ይበላል፤ ሁለተኛ ቲቪ ከሌለህ አውጣው።

መልስ 2፦ አንቴናው አቅጣጫ የሚመርጥ ከሆነ ወደ ማሰራጫው ማማ አዙረው። በየ15 ዲግሪው ቆም በል፤ ቲቪው የሲግናል ንባቡን ለማስተካከል ጥቂት ሰከንድ ይፈልጋል። ከጥንካሬው ይልቅ የሲግናሉን ጥራት እይ። ቦታ በቀየርክ ቁጥር ቻናሎቹን እንደገና አስፈልግ።

መልስ 3፦ ማማው በጣም ቅርብ ከሆነ ችግሩ የሲግናል ብዛት ሊሆን ይችላል። ቲቪው መግቢያ ላይ ባለ 10 ዴሲቤል የሲግናል መቀነሻ ሞክር፤ ካልረዳ አምፕሊፋየሩን ዝለልና በቀጥታ አገናኝ። ኢንቨርተሩን (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት ዓይነት ኤሌክትሪክ የሚቀይረውን) እና የኤልኢዲ መብራቶቹንም አንድ በአንድ አጥፋ፤ በተለይ ቪኤችኤፍ (ዝቅ ባለ ፍሪኩዌንሲ የሚተላለፉ) ቻናሎችን የሚረብሹት እነሱ ናቸው። ሞገዱ ከሕንፃ እየነጠረ የሚመጣ ከሆነ መኪናውን ግማሽ ሜትር ማንቀሳቀስ ብቻ ሊበቃ ይችላል።